ግንቡን የለካው ገመድ

ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦሌ፣ ገርጂ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዘርአጽዮን ሐዱሽ፤

የመድኃኔዓለም ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይራቅ እያልኩ እጀምራለሁ። በአካል አንተዋወቅም። እኔ የአክስትዎ የአደይ ኣብርሀት የልጅ ልጅ፣ ኣርያም ገብረሃንስ ነኝ። ለእናቴ የአክስት ልጅ፣ ለእኔ ደግሞ አጎት ስለሆኑ፣ ከፈቀዱልኝ በትግርኛችን "አኮይ" እያልኩ ልጥራዎት።

እኔ የማውቅዎት ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ በተሰቀለው ፎቶ ነው። ጥቁር ጃኬት ለብሰዋል፤ ከኋላዎ ኮረብታው ላይ ትልቅ ግንብ ቆሟል። አያቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር "የእህቴ ልጅ ጣልያን አገር ግንብ ውስጥ ነው የሚኖረው" ትላለች። ያንን ግንብ እያየሁ ነው ያደግኩት። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ጓደኞቼ አካውንቲንግ ሲመርጡ እኔ ቅርስ ጥበቃ የመረጥኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የምሠራው ግን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የጥራት ተቆጣጣሪ ይሉኛል፤ ቀኑን ሙሉ በሜትር ኮሌታ እለካለሁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። እርስዎ ባሉበት በማርኬ ኮረብቶች ላይ ያሉትን የመካከለኛው ዘመን ግንቦች እየዞሩ የሚያስተምሩበት የሦስት ሳምንት ኮርስ አለ። አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ! ትምህርቱም ምሳውም ነፃ ነው። የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እኔ ቤት ታርፋለች" ብሎ የሚፈርምልኝ ሰው። ፎርሙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ገንዘብ አልጠይቅዎትም፤ አንድ ፊርማ ብቻ። የቪዛ ቀጠሮዬ ሚያዝያ 20 ነው።

ደብዳቤውን የምታመጣው ጎረቤታችን ሀይሚ ናት፤ የበረራ አስተናጋጅ ስለሆነች ሮም ትመላለሳለች። እዚያ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ታስቀምጥልዎታለች። በስልክ ያልደወልኩት አያቴ "ዘርአጽዮን የሚያምነው ወረቀት ነው" ስላለችኝ ነው።

እግረ መንገዴን፣ የግንቡ በር ጋ የቅጥሩ ውፍረት ስንት ይሆን?

ልጅዎ ኣርያም


የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮካቬርዴ፣ ጣልያን

ለውድ ልጄ ለኣርያም፤

በሄድሽበት ሁሉ እግዚአብሔር ይቅደምሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኔ ለእሱ ምስጋና ይሁንና አለሁ። ደብዳቤሽ ሮም ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ነው የደረሰኝ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሚጥሚጣ ዕቃ ሥር አኑሮት ስለከረመ፣ እያስነጠስኩ ነው አንብቤ የጨረስኩት።

አክስቴ ኣብርሀት ጉልበቷ እንዴት ነው? ቅባት ልኬላታለሁ፤ ጠዋትና ማታ ትቀባ። ውሃ ይመጣላችኋል? መብራትስ? ፎቶው ፀሐይ እንዳያገኘው።

ጉዳይሽን አስቤበታለሁ። ወጣት ሰው ብዙ ነገር ያስፈልገዋል። መቶ ዩሮ በሀይሚ ልኬልሻለሁ፤ ጫማ ግዢበት። ስለ ግንቡ ለጠየቅሽኝ፣ ግንብ መቼም ግንብ ነው። ድንጋይ ነው። ኮረብታ ላይ ነው። ነፋስ አለው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሾላ ገበያ ጥሩ የጥሕሎ ገብስ ዱቄት አለ ይሉኛል። የዚህ አገር ገብስ ሲያቦኩት ሙጫ ነው የሚሆነው። ሁለት ኪሎ ይበቃኛል።

መራቂሽ ዘርአጽዮን


መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ገርጂ

ለተከበሩ አኮይ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። አያቴ ቅባቱን ተቀብታ "እጁ ይባረክ" ብላለች።

ዱቄቱ ይኸው። ከቦሌ ለሚ ሾላ ድረስ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ነው የገዛሁት። ነጋዴዋ ፈቲያ "ለጣልያን ነው" ስላት "ምነው፣ ፓስታው አለቀባቸው?" ብላ ግማሽ ኪሎ መረቀችልኝ።

መቶ ዩሮውን በፌስታል ጠቅልዬ ዱቄቱ መሃል ከትቼዋለሁ፤ ሲያቦኩ ይጠንቀቁ። ንቀት አይደለም። ግን አኮይ፣ ገንዘብ አልጠየቅኩም እኮ! ፊርማ ነው የጠየቅኩት። በሁለት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ፎርሙ አንድ ቃል የለም። ስለ ውሃና መብራት ግን አለ።

ፎርሙን ደግሜ አትሜ ልኬያለሁ። የሚፈርሙበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አለ። ሌላው ሁሉ ተሟልቷል፤ አለቃዬ ሱልጣን እንኳ ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ "ኮሌታው አልበቃ ብሎሽ የግንብ አንገት ልትለኪ ነው?" እያለ ሠራተኛውን ሁሉ ቢያስቅብኝም።

"ድንጋይ ነው፣ ኮረብታ ላይ ነው" ብለውኛል። ይህማ ከፎቶውም ይታያል። እርስዎ እዚያው ነዎት! በሩ ሥር ቆመው ቀና ሲሉ ከላይ ቀዳዳ አለ ወይስ የለም? በዚያ ነበር ጠላት ላይ የፈላ ውሃ የሚያፈሱት። አለ ወይም የለም ቢሉኝ ይበቃኛል።

ልጅዎ ኣርያም


ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮካቬርዴ

ለተባረክሽው ልጄ፤

ይህን የምጽፈው በሰሙነ ሕማማት ነው፤ ለትንሣኤው በጤና ያድርሳችሁ።

ዩሮውን አገኘሁት። በጥርሴ ነው ያገኘሁት። ቁጣሽ የኣብርሀት ነው፤ ልጅ ሆኜ እሷም እንዲህ ነበረች።

ፎርሙ ይኸውልሽ። የዘገየሁት በንቀት አይደለም። የምኖርበት ቤት የእኔ አይደለም፤ የማስታምማቸው ሽማግሌ የሲኞር ኤቶሬ ነው። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እነግራቸዋለሁ ስል፣ ስፈራ፣ ስተወው ሰነበትኩ። ባለፈው ሐሙስ ሾርባ እያጠጣኋቸው "ከአገሬ ልጅ ልትመጣብኝ ነው" አልኳቸው።

"የት ልትተኛ?" አሉ።

"የቲማቲም ጠርሙሶቹ ያሉበት ክፍል።"

"ቲማቲሙስ የት ሊተኛ?" አሉና ሾርባቸውን ጨርሰው "እስክሪብቶ አምጣ" አሉኝ።

ግንብ ውስጥ እንደማልኖር ለአክስቴ እንዳትነግሪያት።

ፎርሙን በጥንቃቄ ነው የሞላሁት፤ አንድም ባዶ ቦታ አልተውኩም። የጣልያን መሥሪያ ቤት ባዶ ቦታ አይወድም። ፖስታውን አሽጌዋለሁ፤ እንዳይቆሽሽ እስከ ቀጠሮሽ ቀን አትክፈቺው።

መራቂሽ ዘርአጽዮን


ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
ገርጂ

አኮይ፤

ሰላምታው ይቆየኝ። ተከልክያለሁ።

ፖስታውን እንዳሉኝ ሳልከፍት ቪዛ መስኮቱ ላይ ላለችው ሴትዮ ሰጠኋት። ከፍታ አነበበችና ቀና አለች።

"አባትሽ ማን ይባላል?"

"ገብረሃንስ።"

"የት ነው ያለው?"

"እዚሁ ገርጂ።"

"ታዲያ ይሄ ጣልያን ያለው አባትሽ ማነው?"

አኮይ! "ዝምድና" በሚለው ቦታ ላይ ምን ብለው ነው የሞሉት? ልጄ! ያውም በትልልቅ ፊደል! የልደት ሰርተፊኬቴ ገብረሃንስ ይላል፤ ፓስፖርቴ ገብረሃንስ ይላል፤ እርስዎ ደግሞ ዘርአጽዮን ሐዱሽ ሆነው አባቴ ነኝ ይላሉ። "በእኛ አገር የዘመድ ልጅም ልጅ ነው የሚባለው" ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ወረቀቱን አዙራ "ሌላ ዘመድ የሚል ቦታ እኮ አለ" ብላ በጣቷ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ አለ። ከታች፣ ሦስተኛው መስመር ላይ።

ትናንት ውጤቱ መጣ። "የቀረቡት ሰነዶች እርስ በርስ አይጣጣሙም" ይላል። ኮርሱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይጀመራል፤ እስከዚያ ሌላ ቀጠሮ የለም። አባቴ ያኔ ከቀጠሮው መልስ የፎርሙን ነገር ሲሰማ "እኔ ሞቼ ነው?" ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፏል።

ነገ ጠዋት ኮሌታ እለካለሁ።

ኣርያም ገብረሃንስ
(ገብረሃንስ አባቴ ነው።)


ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮካቬርዴ

ለኣርያም፤

አንቺ ሰላምታ ብትነፍጊኝም እኔ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብዬ እጀምራለሁ።

ማዘንሽ ተገቢ ነው። ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ ፊት ለፊቴ ናቸው። መጨረሻቸው ላይ ምን ይላል? "ልጅዎ ኣርያም።" በገዛ እጅሽ! አንቺ ልጅዎ እያልሽኝ እኔ "ሌላ ዘመድ" ብዬ ልሙላ? ሌላ ዘመድማ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ አገር ስኖር ስንት ፎርም ሞልቻለሁ። ሁሉም ልጅ አለህ ወይ ይላል። ሁልጊዜ ሰረዝ አደርግበታለሁ። በዚህኛው የምጽፈው አገኘሁና ጻፍኩ። ይኸው ነው።

ገብረሃንስን ይቅርታ በይልኝ፤ አባትነቱን አልቀማሁትም። ክፍልሽ ቀለም ተቀብቷል። ቲማቲሙን አልመለስኩትም።

ዘርአጽዮን


ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ገርጂ

ለተከበሩ አኮይ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ንዴቴ አልበረደም፤ ግን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ተስፋ ቆርጬ እንዳይመስልዎ። ለኮርሱ አስተማሪ ጻፍኩላቸው። ጥቅምት ላይ ሁለተኛ ዙር አለ። ቦታ የሚሰጡኝ ግን የሦስት ግንቦች የልኬት ማስታወሻ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ከላክሁ ነው። "ዘመድ እዚያው አካባቢ አለሽ አይደል? ሰው ይለካልሽ፤ አንቺ አዘጋጂው" አሉኝ። ከገርጂ ሆኜ ሦስት ግንብ! እዚያ ያለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።

ካስቴልፒኖ፣ ሞንቴሶርዶ እና የእርስዎ ሮካቬርዴ። ካርታውን አይቻለሁ፤ ሁሉም በአውቶቡስ ይደረሳል። በየአንዳንዱ ሦስት ነገር፤ በሩ ጋ የቅጥሩ ውፍረት፣ ቀስት የሚተኮስበት መስኮት ስፋት፣ የውስጠኛው ግቢ ስፋት። ካስቴልፒኖ እንደገቡ ወደ ግራ ይታጠፉ፤ በቀኝ ያለው ደረጃ የፈረሰ ነው። ሰኞ ሰኞ ዝግ ናቸው።

ይህ ካለፈኝ የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ በዕድሜም በወረቀትም አይፈቅድልኝም። እባክዎ።

ኣርያም


ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮካቬርዴ

ለኣርያም፤

እመቤታችን በረከቷን ታሳድርባችሁ፤ ፍልሰታን በሰላም ያስፈጽማችሁ።

ሰኞ ሄድኩ። ዝግ ነው። ነግረሽኛል፤ አውቃለሁ፤ ዝም በዪ።

ማክሰኞ ካስቴልፒኖ ሄድን። "ሄድን" የምልሽ ኤቶሬን ብቻቸውን መተው ስለማልችል በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋኋቸው ነው። ኣርያም፣ እነዚያ ሰዎች ግንባቸውን ኮረብታ ላይ የሠሩት ጠላት እንዳይወጣ ብለው ነው። ተሳክቶላቸዋል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ በሩ ስምንት ጊዜ አረፍኩ። እኔ በጾም አፌ ውሃ ሳልቀምስ፣ እሳቸው ዳቦ በአሳማ ሥጋ እየገመጡ "ቶሎ በል፣ ከሰዓት ይዘጋል" ይሉኛል።

በሩ ሥር ቆሜ ቀና አልኩ። ቀዳዳው አለ። ርግብ ሰፍራበታለች። በፈላ ውሃው ፋንታ ሌላ ነገር ትከሻዬ ላይ ለቀቀችብኝ። ይህንንም ማስታወሻሽ ላይ አስፍሪው።

ሞንቴሶርዶ ሐሙስ ነበር። መስኮቱ ከውጭ መዳፍ አያስገባም፤ ከውስጥ ግን እየሰፋ ሄዶ ሰው ይቆምበታል። የሚያየው ሰው ሳይታይ እንዲተኩስ ነው አሉኝ ኤቶሬ።

ሦስተኛው ሮካቬርዴ ነው፤ የፎቶው። እውነቱን ልንገርሽ። ያ ፎቶ የተነሳው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሆኜ፣ በመጣሁ በአራተኛው ቀን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከሥሩ ስኖር አንድም ቀን በበሩ ገብቼ አላውቅም። መጀመሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ ዘበኛ የቆመበት በር ሁሉ ያስፈራኝ ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ፍርሃቱ ለቀቀኝ፤ አለመግባቱ ግን ለምዶብኝ ቀረ።

ኤቶሬ ይህን ሲሰሙ የወንበራቸውን ክንድ ደበደቡት። "ሃያ ሁለት ዓመት! እኔ እኮ ይህን ግንብ በወጣትነቴ የጠገንኩት ነኝ!" ለካ ግንበኛ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሳጥባቸውና ሳለብሳቸው አንድ ቀን እንኳ ምን ነበሩ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ገባን። በግራ ቅጥር ላይ አንድ ድንጋይ አሳዩኝ። "ይሄን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጠማማ ነው። ለልጅቷ እንዳትነግራት።"

ልኬቱ ይኸውልሽ፤ የሁለቱ ከወረቀቱ ጀርባ አለ። የሮካቬርዴ ቅጥር ውፍረት ስድስት ክንድ ከአራት ጣት። መስኮቱ አንድ መዳፍ ጎደል። የግቢው ስፋት ብዙ ነው።

ዘርአጽዮን


ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ገርጂ

አኮይ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ክንድ?! የማን ክንድ? የእርስዎ ነው የሲኞር ኤቶሬ? ለአስተማሪው "ስድስት ክንድ ከአራት ጣት፤ ግቢው ብዙ ነው" ብዬ ልላክላቸው? እኔ ሚሊ ሜትር ከተሳሳትኩ ሸሚዝ የሚመለስብኝ ሰው ነኝ! ሜትር ይግዙ። እባክዎ ሜትር! ሃያ አንድ ቀን ነው የቀረኝ፤ ሀይሚ ደግሞ እስከዚያ ወደ ሮም ያላት በረራ አንድ ብቻ ነው።

ሌላም ጥፋት አለ፤ የእኔ ነው። ደብዳቤውን ለአያቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት የፎቶው ነገር ላይ ስደርስ መዝለል አቃተኝ። ሰማችው። ፎቶውን ቀና ብላ አየችና "ድሮም አውቃለሁ" አለችኝ። "ግንብ ያለው ሰው ጃኬት እንዲያ አይሰፋውም። የሰው ጃኬት ነው።"

ፎቶውን አላወረደችውም።

ከዚህ ጋር አዲስ ፎርም አለ። ሦስተኛው መስመር ላይ። ሦስተኛው!

ኣርያም


ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮካቬርዴ

ለኣርያም፤

ለዘመን መለወጫው በሰላም ያድርሳችሁ። አክስቴ ልክ ናት። ጃኬቱን ያዋሰኝ አብሮኝ ያድር የነበረ ልጅ ነው፤ ሲሄድ ለእኔ ተወልኝ።

ሜትር የለም። በዚህ ወር ባለ ሱቁ ሁሉ በሩን ዘግቶ ባሕር ሊዋኝ ይሄዳል። ስለዚህ ቲማቲም የምናስርበትን ገመድ ይዤ ሦስቱንም እንደገና ዞርኩ። ኤቶሬ አንዱን ጫፍ ይይዛሉ፣ እኔ ወጥሬ በልኩ እቆርጣለሁ። በየአንዳንዱ ላይ ስሙን አንጠልጥዬበታለሁ። ይኸው ላክሁልሽ። ልኩ ራሱ ገመዱ ነው። ዘርግተሽ በገዛ ሜትርሽ ለኪው፤ ከእንግዲህ የማን ክንድ ነው አትዪኝም።

የሮካቬርዴን ግቢ አልለካሁትም። ነፋስ ነበር።

ፎርሙንም ልኬያለሁ። ፖስታው ክፍት ነው፤ አንብቢው። ሦስተኛው መስመር ላይ "የእናቷ የአክስት ልጅ" ብያለሁ። ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ልጄ አይደለችም ብዬ ፈርሜያለሁ ማለት ነው። ደስ ይበልሽ።

ዘርአጽዮን


መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ገርጂ

ለተከበሩ አኮይ፤

አዲሱ ዓመት የጤናና የደስታ ይሁንልዎ። ተቀምጠው ያንብቡት፤ ሲኞር ኤቶሬንም አጠገብዎ ያድርጓቸው።

ገመዶቹ በደረሱኝ ማግስት ፋብሪካ ይዣቸው ሄድኩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሸሚዝ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ሱልጣን መጣ። "የምን አንገት ነው ይሄ?" አለኝ። "የሮካቬርዴ" አልኩት። ሌላኛውን ጫፍ ያዘልኝ። ሁለት ሜትር ከሰማንያ አራት! አኮይ፣ ክንድዎ በጣም ትክክል ነበር፤ ይህን በማለቴ ይቅርታ የጠየቅኩ እንዳይመስልዎ።

ማስታወሻዬን ተቀበሉት። ጠማማውንም ድንጋይ ጽፌዋለሁ፤ ማን እንዳስቀመጠውም ጭምር። አስተማሪው ከሁሉም የወደዱት እሱን ነው። ሲኞር ኤቶሬ ይማሩኝ።

በአዲሱ የቪዛ ቀጠሮዬ መስኮቱ ላይ ያገኘኋት ያቺው ሴትዮ ናት። ፎርሙን አይታ "አሁን ደግሞ አባትሽ አይደለም?" አለችኝ።

"አይደለም።"

"በአካል ታውቂዋለሽ?"

"አላውቃቸውም።"

"ታዲያ የማታውቂው ሰው ለምን ቤቱ ያሳርፍሻል?"

ከቦርሳዬ ገመዶቹን አውጥቼ መስኮቱ ሥር ደረደርኳቸው። "የሚያስታምሟቸውን ሽማግሌ በወንበር እየገፉ፣ በጾም ሳይቀር፣ ሦስት ግንብ ሁለት ሁለት ጊዜ ወጥተው ይህን ለክተው ላኩልኝ" አልኳት። አንዱን አንስታ የተንጠለጠለበትን ወረቀት አነበበች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ቪዛው ትናንት መጣ። ጥቅምት 6 ጠዋት ሮም እገባለሁ፤ በሀይሚ በረራ ነው።

አያቴ እልል ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። አባቴም ታርቆዎታል፤ "ለሦስት ሳምንት ያሳድጋት፣ ያየዋል" ብሎ ይስቃል።

የቀረኝ ቅሬታ አንድ ነው። ማስታወሻዬ ላይ የሮካቬርዴ ግቢ ስፋት ባዶ ነው። አንድ ቁጥር! ነፋስ ገመድ ያሳጥራል እንዴ?

ልጅዎ ኣርያም
(ፎርም ላይ ግን ሦስተኛው መስመር)


መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሮካቬርዴ

ለልጄ ለኣርያም፤

መንገድሽን መልአኩ ይምራው። ደብዳቤሽን ለኤቶሬ ተረጎምኩላቸው። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ በጣልያንኛ የተናገሩትን አልጽፍልሽም። ከዚያ ግን ደግመህ አንብብልኝ አሉኝ።

ነፋስ አልነበረም። ግቢው ከዳር እስከ ዳር አርባ እርምጃ ነው። ኤቶሬን ከአንዱ ግድግዳ አስጠግቼ ጫፉን አስያዝኳቸው። እኔ ወደ ወዲያኛው ስሄድ፣ መሃሉ ላይ ሳልደርስ እጃቸው ይንቀጠቀጥና ይለቁታል። ሦስት ጊዜ ሞከርን። በሦስተኛው "ተወው፤ ይሄ ጠንካራ እጅ ነው የሚፈልገው" አሉኝ። እሱን ልጽፍልሽ አልፈለግኩም። ገመዱን ሳልቆርጥ ጠቅልዬ አልጋሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ዱቄት ይዘሽ ነይ። ዩሮ አትክተቺበት።

ሮም ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። በፎቶው ታውቂኛለሽ፤ ያንኑ ጃኬት ነው የምለብሰው። አሁን ልክ ሆኖኛል።

ዘርአጽዮን